ለአውራ ጣቷ የተመረጠ ዊንች

ታላቅ እህቴን፣ እትዬን፣ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ግሬደር ነበር የሚሏት። ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ በባለአራት ጎማ ሞተሩ ዱቄትና የጋዝ ሲሊንደር ከታች ገበያ ወደ ዳገቱ ሱቆች ሲያመላልስ እሷ ከኋላው ትቀመጣለች። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ረግረግ ጋ ሲደርሱ ጎማው ይሰምጣል። ያኔ እትዬ ቀሚሷን ሰብስባ ትወርድና በትከሻዋ ትገፋለች። የፋብሪካው ወንዶች እጃቸውን አጣጥፈው ያያሉ። "ንዳው እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!" ትለዋለች ባሏን። ሞተሩ ሲወጣ ጭቃው ፊቷን ያለብሳታል፣ እሷ ትስቃለች።

መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ሁላችንም ቀለድንባት፣ አፈር ልብላ። ከዚያ ትከሻዋ ከዳት፣ ከዚያ እግሯ። ሐኪሙ የነርቭ በሽታ ነው፣ ጡንቻዋን እየጨረሰ ይሄዳል፣ ሕክምናው ባያድናትም ያዘገየዋል፣ ብቻ እንዳታቋርጥ አለ። ሆስፒታሉ ከረግረጉ ወዲያ ነው፤ ክረምት ከገባ በዚያ በኩል የሚደፍር መኪና የለም።

አንድ ቀን ጋሼ ሆስፒታል ሲወስዳት፣ እሷ እላዩ ላይ እንደተቀመጠች ሞተሩ ሰመጠ። የፋብሪካው ሰዎች ተረባርበው ሞተሩን ከነእሷ አንስተው አወጡት። አንዱ "ዛሬ ደግሞ ግሬደርን እኛ ጫንናት" ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልድ ብሎት ነው። እትዬ እቤት እንደገባች "ቁርጤን ልንገራችሁ፤ እንደ ጆንያ ተሸክመው እያሳለፉኝ ሆስፒታል አልሄድም" አለች። ጋሼ ለመናት፣ አለቀሰ፣ ተቆጣ። እሷ ወይ ፍንክች!

በማግስቱ ጋሼ ጋራዤ መጣ። እኔ የሞተር ጠጋኝ ነኝ። "ዊንች ትገጥምልኛለህ" አለኝ። ሐሳቡ አስደሰተኝ። ሞተሩ አፍንጫ ላይ ተገጥሞ፣ ገመዱን ከአንድ ጠንካራ ነገር ላይ አስሮ ራሱን በራሱ ከጭቃ የሚጎትት ዕቃ ነው። "እሷም ትምጣ" ሲለኝ ግን ግራ ገባኝ።

መለዋወጫ ሱቅ ገባን። እኔ ወዲያው ትልቁ ላይ ዐይኔን ጣልኩ። ጭቃ ከክብደትህ በላይ ነው የሚይዝህ፤ ዊንች ሲገዛ ሞተሩ ከነጭነቱ የሚመዝነውን እጥፍ የሚጎትት መሆን አለበት። ጋሼ ግን ዊንቹን ዞሮም አላየው። ባለሽቦ ሪሞቱን አነሳና እትዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። "ተጫኚው" አላት። አውራ ጣቷ ነጣ፣ ቁልፉ አልወርድ አለ። ሌላ አስመጣ። እሱም እምቢ አላት። ባለሱቁ መሰልቸት ጀመረ፣ እኔም ደሜ ፈላ።

"ጋሼ፣ ዊንች ነው የምንገዛው ወይስ የቴሌቪዥን ሪሞት?"

"አንተ ጉልበቱን እይ፤ እኔ ቁልፉን ልይ" አለኝ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ከመደርደሪያው ጥግ መካከለኛ የሆነ አንድ ወረደ። ቁልፉ ለስላሳ ጎማ ነው። ባለሱቁ ከባትሪ አገናኘው፤ እትዬ ጫን አለችው፣ ገመዱ የሚጠቀለልበት ከበሮ እየጮኸ ዞረ። ፊቷ በራ። እኔም ዕቃውን አገላብጬ አየሁት፤ ጉልበቱ ይበቃል፣ ማርሹ አይንኮሻኮሽም፣ ገመዱ እጅ የሚቆርጠው ብረት ሳይሆን ቀላሉ የተፈተለው ነው፣ ፍሬኑም ደህና ነው። "ጥሩ ዊንች የሚታወቀው ጣትሽን ስታነሺ ነው" አልኳት አዋቂ ነኝ ብዬ። "ያኔውኑ ቀጥ ካለ ታመኚው።"

ወፍራም ላሜራ ቆርጬ ከሻንሲው ጋር በብሎን አሰርኩ። ሽቦውን ከጭስ ማውጫው አርቄ ወደ ባትሪው ወሰድኩና ፊውዝ አስገባሁለት። ከካርቶኑ ውስጥ መሪው ላይ የሚታሰር ሌላ ማብሪያም ነበር፤ እሱንም አሰርኩ።

"ያንን ፍታው" አለ ጋሼ።

"ምን በደለህ? መሪውን ይዘህ አንተው ትጎትታለህ እኮ።"

"ሌላ ማብሪያ ካለ የእሷ የልጅ መጫወቻ ይሆናል።"

እያጉረመረምኩ ፈታሁት።

በመጀመሪያው ጉዞ አብሬ ሄድኩ። ረግረጉ እንደልማዱ ያዘን። ጋሼ በጭቃው ውስጥ እየዳከረ ሄዶ መንጠቆውን የፋብሪካው በር ብረት ላይ አሰረና ተመልሶ መሪውን ያዘ። ከዚያ "ግሬደር፣ ጎትቺ!" ብሎ ጮኸ። እትዬ ጎተተች። ቀስ እያልን፣ ጭቃው እየተንጫጫ ወጣን። የፋብሪካው ሰዎች አጨበጨቡ። ያን ክረምት አንድም ቀጠሮ አላለፋትም።

በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ጋሼ ብቻውን መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

"ያ ማብሪያ አለ?"

"አለ።"

"ከመሪው ስር ግጠመው፣ እንዳታየው አድርገህ። ጣቷ እምቢ ብሏታል። እኔ 'ጎትቺ' እያልኩ ከስር እጫነዋለሁ።"

"ንገራት እንጂ! ልጅ መሰለችህ?" ብዬ አንባረቅሁበት።

"ከነገርኳት አትሄድም" አለና አንገቱን ደፋ። ገጠምኩት፤ በጥቁር ፕላስተርም ሸፈንኩት።

ክረምቱ ሲጋመስ እትዬ አስጠራችኝ። መኝታ ቤት ትራስ ተደግፋ ነው ያገኘኋት። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ዐይኗ ግን ያው የድሮው ነው።

"ና እስቲ፣ አንተ ቀጣፊ። ማብሪያውን የት ነው የደበቅከው?"

"የምን ማብሪያ?" አልኩ።

"ባለፈው ረግረጉ ላይ ሆን ብዬ ጣቴን አነሳሁ። ገመዱ መጠቅለሉን አልተወም። ጣትሽን ስታነሺ ይቆማል ያልከኝ ማን ነበር?"

እንደ ልጅ አለቀስኩ።

"ልንገረው?" አልኩ።

"በሞቴ፣ እንዳትነግረው! ሕክምናው ምንም እየፈየደልኝ አይደለም፤ አውቀዋለሁ። የምሄደው ለእሱ ነው። ዛሬም ቢሆን አልሄድም ማለት እችላለሁ። ግን 'ግሬደር፣ ጎትቺ!' ሲል ድምፁን ሰምተኸዋል? አንድ የቀረው ደስታ ያ ነው። አልነጥቀውም።"

እስከ መጨረሻው ሪሞቱን ይዛ ሄደች። ጭቃው ሳይደርቅ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ሰንብቶ ጋሼ ሞተሩን እየነዳ መጣ። ሪሞቱን ከነሽቦው ጠቅልሎ ይዟል። "ዊንቹ ይቆይ፤ እንጀራዬ ነው። ይሄን ግን እቤት ልወስደው ነው፤ ሽቦው የሚሰካበትን ቀዳዳ ድፈንልኝ" አለኝና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። እኔ ጎንበስ ብዬ መሥራት ጀመርኩ።

"አንተዬ" አለ።

"አቤት ጋሼ።"

"አላወቀችም፣ አይደል?"

እኔ ምላሴን መያዝ የማልችል ሰው ነኝ፤ አገር ያውቀዋል። ቀና ብዬ ላየው ግን አልቻልኩም።

"አላወቀችም" አልኩት።

"ተመስገን" አለ ጋሼ፣ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። "እንደጎተተች ሄደች።"