አስቀድሞ የገባው ጃንጥላ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከጎንደር ስነሣ ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ለሰሊጥ አጨዳ ሱዳን ወርዶ ሁለት ዓመት ድምፁ የጠፋውን ታናሽ ወንድሜን ደሳለኝን ይዤ መመለስ። ከዚያ የመጣ የሰፈራችን ሰው «ሀዋታ በምትባል ከተማ አይቼዋለሁ፤ ደኅና ነው» ብሎን ነበር። እናታችን ይህን በሰማች በሳምንቱ፣ «ልጄ በሕይወት ከተገኘ» ብላ የተሳለችውን ጃንጥላ ለመድኃኔዓለም አስገባች።

«እማ፣ ልጁ ሳይመጣ?» አልኋት።

«ተገኘ ተባለ አይደል? ምስጋና አይዘገይም።»

እኔ ማጉረምረም የሚቀናኝ አስተማሪ ነኝ። «ተመስገን» የምለው ለሰላምታ ያህል ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ እንኳ በደሳለኝ እበሳጭ ነበር። አንዲት ቃል መላክ ምን ያቅታል?

መተማ

የድንበሩን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ ጋላባት ገባሁ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ከአጫጆች ጋር በአንድ ሳህን ፉል በላን፤ ደሳለኝን የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

ገዳሪፍ

የእህል ማከማቻው ረጅም ሕንፃ ከከተማው ቀድሞ ታየኝ። ገበያው ዳር ሻይ የምትሸጥ ያገሬ ሴት አግኝቼ ጠየቅኋት።

«ሀዋታ ጋሽ መሐመድኑርን ጠይቅ» አለችኝ። «በድርቁ ጊዜ የመጣ ያገራችን ሰው ነው። እሱ የማያውቀው ሐበሻ አጫጅ የለም።»

የሻይዋን ልከፍል ስል «ተወው፤ መንገደኛ ነህ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ተነሣሁ።

ሀዋታ

ቦክሲ በሚሏት የጭነት መኪና ኋላ ላይ ተጭነን ሄድን። መሬቱ ጥቁር ነው፤ ጭቃው ጎማ ይዞ አይለቅም። ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ግራና ቀኝ የታጨደ ሰሊጥ ነዶ በነዶ ቆሟል።

ጋሽ መሐመድኑር ጀለቢያ የለበሱ ሽበታም ናቸው። የወንድሜን ስም ስነግራቸው በርጩማ ሳቡልኝ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

«አምና ነው። ወባ። ሦስት ቀን እኔ ቤት ተኛ። ወላሂ፣ ሐኪም ዘንድ ልናደርሰው ነበር፤ በጭቃው መኪና አልገባ አለ።»

የሰፈራችን ሰው አልዋሸም። ያየው ግን ከዚያ በፊት ነበር።

«የተናገረው ነገር አለ?»

«ባለቤቴ ውኃ ስትሰጠው ‹ተመስገን› ይላል። በየጉንጩ። ሌላ ብዙም አልተናገረም።»

ተናደድሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በሰው አገር እየሞተ ለምኑ ነው የሚያመሰግነው?

መቃብሩን አሳዩኝ። ክርስቲያን አጫጆች አስጠርተው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙረው አስተኝተውታል። መስቀሉን ጋሽ መሐመድኑር ራሳቸው የሠሩት ከአልጋቸው እግር ነው። «ያለ ምልክት እንዳይተኛ ብዬ» አሉኝ። ላመሰግናቸው ፈልጌ እጃቸውን ብቻ ሳምሁ። ባለቤታቸው አጥበው ያቆዩትን ሸሚዙን አጣጥፈው ሰጡኝ።

መልስ

ጎንደር በቀን ብገባም ቤት አልሄድሁም፤ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። አጎቴ ዘንድ አድሬ፣ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ጋር ሄድን። እናቴ በሩን ከፍታ ስታየን፣ አንድ ቃል ሳንናገር ደጃፉ ላይ ወደቀች።

ከሰልስቱ በኋላ ለቀስተኛው ሲሣሣ «እማ፣ ጃንጥላውን ለምን አናስመልሰውም? መድኃኔዓለም አልሰማሽም እኮ» አልኋት። ክፉ ንግግር እንደሆነ አውቄ ነው የተናገርሁት።

ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘርግታ በእጇ ዳበሰችው።

«ውኃ የሰጠችው ሴት ስሟ ማን ነው አልኸኝ?»

አልጠየቅሁም ነበር።

«ልጄን ያጠጣችውን ሴት ስሟን ሳትጠይቅ መጣህ?» አለችኝ። አፈርሁ። «ጃንጥላው ይቆይ። ልጄ ሜዳ ላይ አልወደቀም። እሷን ያኖረ ይመስገን።» ይህን ብላ እንደገና አለቀሰች።

በዓመቱ ሱዳን በወረደ አጫጅ አስጠየቅሁና የሴትዮዋ ስም መጣልን፤ ዘሃራ ይባላሉ። እናቴ ማለዳ ማለዳ ተነሥታ ስለ ሁሉም ታመሰግናለች፤ ስላሳደራት፣ ስላነጋላት፣ ስለ ደሳለኝም። እኔ ብዙውን አብሬያት ማለት አሁንም አልሆነልኝም። ዘሃራ ላይ ስትደርስ ግን እኔም «ተመስገን» እላለሁ።