ለአባባ የተመረጠ ቀጭን ዘንግ

አባባ አንገታቸው ላይ የነበረውን እንቅርት አገር ቤት በኦፕራሲዮን ሲያስወጡ ድምፃቸውም አብሮ ወጣ። አንደኛው የድምፅ አውታር ሽባ ሆኗል፣ አይመለስም ተባሉ። አትላንታ እኔ ዘንድ ሲመጡ የቀራቸው ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ሻካራ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ጆሮዬን አፋቸው አጠገብ ካላደረስኩ ቃሉን ከትንፋሹ መለየት አልችልም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበሩም። ጠበቃ ነበሩ፤ ችሎት ውስጥ ሲናገሩ ውጭ ደጃፍ የተቀመጠ ባለጉዳይ ይሰማቸዋል ይባል ነበር። ቤት ውስጥም ያው ነበሩ። እናታችን ስትሞት፣ «እሷ ቤቱን ትያዝ፤ ልጁ ይማር» ያሉት በዚያ ድምፅ ነው። ልጁ ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዲግሪዬን የያዝኩት ደግሞ እዚሁ አትላንታ፣ ቀን እየሠራሁ፣ ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ ወዲያ ነው።

በመጡ ዕለት ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዲግሪዬ ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁና ቶሎ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ማሞቂያውን ቀንሽልኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እጠብቅ ነበር፤ ስለዚያ ውሳኔ አንድ ቃል እንዲሉኝ። ይቅርታ መሆን የለበትም። ልክ ነበርኩ ቢሉኝም እቀበላለሁ። እንደሚያስታውሱት ብቻ ማወቅ ፈለግሁ። እሳቸው ግን ጆሮዬ ላይ የሚያንሾካሹኩት ስለ ሻይ፣ ስለ መድኃኒት፣ ወንድሜ መቼ እንደሚመጣ ነበር።

አትላንታ ዳር፣ ስቶን ማውንቴን ያለው አፓርትመንታችን ከኋላው ትንሽ ኩሬ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎች ታጣፊ ወንበር ይዘው ይመጡና ውሃው ዳር ተራርቀው ዓሣ ያጠምዳሉ። ማንም ማንንም አያናግርም። አባባ ከበረንዳው ሆነው ሲያዩዋቸው ይውሉ ጀመር። አንድ ቀን እጄን ይዘው ወደዚያ ጠቆሙኝ። ገባኝ። ዝም ያለ ሰው ምን ነካው የማይባልበት ቦታ አግኝተዋል።

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ልገዛላቸው ወሰንኩ፤ እኔ መቼም ሳላነብ ምንም አልገዛም። ከላይብረሪ መጽሐፍ ተዋስኩ። ኩሬው ውስጥ ያሉት ብሉጊል የሚሏቸው፣ መዳፍ የሚያህሉ፣ መጥበሻ ላይ ሙሉ ለሙሉ የሚተኙ ትንንሽ ዓሦች ናቸው። ለእነሱ ወፍራም ዘንግ አይሆንም፤ ቢነክሱም አያስታውቅም። ቀጭን፣ ከሰው ቁመት የማይበልጥ፣ ክሩም የልብስ ስፌት ክር የመሰለ መሆን አለበት። እዚሁ ከተማ ታክሲ የሚነዳው ወንድሜ መኪናውን ደጅ ፓርክ አድርጎ ሲገባ መጽሐፉን አየ።

«ለዓሣም ፈተና ትቀመጫለሽ እንዴ?»

«ዝም በል።»

«የልጆቹ ሴክሽን ሄደሽ አንዱን ማንሳት ነው። ካልሆነ ሪተርን ታደርጊዋለሽ። እሳቸው እንደሆኑ አሁን አይከራከሩሽም።»

አባባ ሶፋው ላይ ሆነው ሰምተው ፈገግ አሉ። በእሱ ቀልድ ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ።

ቅዳሜ ይዣቸው ሄድኩ። መደብሩ ውስጥ መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር ዘንግ ነው። ውዶቹን አልፌ አቅሜ የሚችላቸው ጋ ስደርስ ሁለት ቀሩኝ። አንዱ ፋይበርግላስ ነው፤ ቶሎ አይሰበርም፤ የክሩ ማጠንጠኛ ክዳን ያለው፣ ቁልፍ ተጭነው የሚለቁት ዓይነት ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል። ሌላው ግራፋይት ነው፤ ማጠንጠኛው ትንሽና ክፍት፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ የመኪና በር ቢዘጋበት ቀንጠስ ይላል። ነገር ግን ጫፉ ላይ የሆነውን ሁሉ ለእጅ ያደርሳል። መጽሐፉ መፈተኛም ሰጥቷል። አንድ ሰው የዘንጉን ጫፍ ጉሮሮው ላይ ያስነካና ይናገር፤ ሌላው መያዣውን ይጨብጥ። ደህና ዘንግ ከሆነ ድምፁ መዳፍ ውስጥ ይሰማል።

የግራፋይቱን መያዣ ይዤ ጫፉን አባባ አንገት ላይ፣ ከጠባሳው ከፍ አድርጌ አስጠጋሁት። «እስቲ አባባ፣ አንድ ነገር ይናገሩ» አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው ያሰብኩት። ድምፅ ለሌለው ሰው ተናገር ማለት ምን ማለት ነው። ላነሳው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ራሳቸው ጉሮሯቸው ላይ ደገፉት። ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። ተናገሩ።

በመካከላችን የዘንጉ ቁመት አለ። ከጣሪያው ሙዚቃ ይጮሃል። ምንም አልሰማሁም። መያዣው ግን መዳፌ ውስጥ ነዘረ፤ ክብሪት ቀፎ ውስጥ የተዘጋባት ጥንዚዛ እንደምትነዝረው። ሄደ፣ ቆመ፣ ቀጠለ፣ ደግሞ ቆመ፤ ከዚያ ረዘመና እየወረደ ጠፋ።

የመደብሩ ሠራተኛ ጠጋ ብላ ሁሉ ነገር ደህና መሆኑን ጠየቀችኝ። የሽማግሌ ጉሮሮ በዘንግ የምወጋ ሳይመስላት አልቀረም።

«ይሄን ነው የምንወስደው» አልኳት። ፋይበርግላሱን አልሞከርኩም።

መኪና ውስጥ ገብተን በሩን እንደዘጋሁ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ቅድም ምን አሉ?»

«ቀላል ነው አልኩ።»

ቀላል ነው፣ ሁለት ቃል ነው። እጄ የያዘው ከዚያ ይረዝማል። ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እኔም አላስጨነቅኳቸውም።

ያን ሰመር ኩሬው ዳር ዋሉ። እየያዙ ይለቃሉ። አንድ ጠዋት ተጠግቼ የዘንጉን ጫፍ ወደ አንገታቸው ሳመጣ ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱትና ክሩን ወደ ውሃው ወረወሩት። ብርዱ ሲመጣ ሳንባቸው ታመመ፤ አልተነሱም።

ከቀበርናቸው በኋላ ያ ንዝረት ይመጣብኝ ጀመር። ሳህን ሳጥብ፣ መሪ ስይዝ፣ ሰው ስጨብጥ። ሄደ፣ ቆመ፣ ቀጠለ።

ወንድሜ ልብሳቸውን ልናነሳሳ የመጣ ዕለት ዘንጉን አውጥቼ ጫፉን ሰጠሁት። የእሱ ድምፅ ቁርጥ የአባባ የድሮው ድምፅ ነው።

«ጉሮሮህ ላይ አድርገው።»

«ደሞ ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«አድርገውና የምልህን በል። ቀስ ብለህ።»

አደረገው። መጀመሪያ «ቀላል ነው» አስባልኩት። እንዳልኩት አጭር ነው። ቀጥዬ፣ ያሉት ይህ ይሆን ብዬ፣ «ይሄን ሁሉ ለዓሣ ታወጫለሽ?» አስባልኩት። ሳቁ ንዝረቱን ስላበላሸው አስደገምኩት። አልሆነም።

«አሁን ደግሞ፣ ‹ልጄ፣ ሳላስተምርሽ ቀረሁ› በል።»

አየኝ። ሳቁ ጠፋ። ፊቱን ወደ ቁም ሣጥኑ አዙሮ ተናገረው፤ በአባባ ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳይቀንስ። ዓይኔን ጨፍኜ መያዣውን ጨበጥኩ። ሄደ፣ ቆመ፣ ቀጠለ፤ እዚያ ላይ አለቀ።

«ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ያ ይረዝማል።»

ጫፉን ከጉሮሮው አላነሳም። «ልጨምርበት?»

«አትጨምር» አልኩት።