የቱቦው ወዲያኛው ጫፍ

በፀሐይ የሞቀ የላስቲክ ቱቦ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ዛሬም እጄ ሳላዘው ይጨበጣል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ጓሮዋን ልታጠጣ ቱቦዋን ከአጥሩ ሥር ስትዘረጋ ያው ሽታ መጣብኝና፣ የያዝኩትን ጎመን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ አንጁሎ ግንበኛ ነበር። በወጣትነቱ ከወላይታ ወደ ሐዋሳ መጥቶ፣ ሲዳማዋን እናቴን አግብቶ፣ ከጉዱማሌ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። እናቴ የሰው ቤት በድንጋይ እየገነባ የራሱን በጭቃ መተዉን አንዳንዴ ስታነሳበት፣ «ጭቃም ቢሆን አላዘመመም» ይላት ነበር። በቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ማንም እንዳይነካው ከፍ ባለ ሚስማር ላይ ተጠቅልሎ የሚሰቀል ሠላሳ ክንድ ያህል የሚሆን፣ ውሃው ከውጭ የሚታይበት ነጭ የላስቲክ ቱቦ ነበረው። ውሃ ልክ የምንለው እሱን ነበር። ቱቦው ውሃ ይሞላል፣ አባቴ አንዱን ጫፍ ይዞ ከአንዱ ማዕዘን ይቆማል፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ ወደ ሌላው ማዕዘን እሄዳለሁ፣ ውሃው በሁለታችንም ዘንድ ረግቶ ሲቆም በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን፣ በምልክቶቹ መካከል ክር ተወጥሮ መስመር ይመታል። የወለሉ ከፍታ፣ የቀለሙ ድንበር፣ የመስኮቱ ደፍ ሁሉ ከዚያ መስመር ተነሥቶ ይለካ ነበር።

ስንራመድ ውሃው እንዳይፈስ ጫፉን በአውራ ጣታችን እንደፍነው ነበር። ቦታችን ላይ ከደረስን በኋላ ግን ጣታችንን ማንሣት ነበረብን፤ አለዚያ ውሃው ታፍኖ ባለበት ይቀራል፣ ምልክቱም ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ አባቴ ከወዲያ ማዶ «ጣት!» ብሎ ይጮህ ነበር፣ እኔም «ተነሥቷል!» እለው ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እሱ የሚሠራበት ቤት ሁሉ አብሬው እሄድ ነበርና፣ ሰዎች «የአንጁሎ ግራ እጅ» ይሉኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የጸሎት ቤታችን የተዘጋው በአንድ የበጋ ቀን ነው። ቀበሌው ቁልፉን ወሰደ፣ ወንበሮቹ በጋሪ ተጭነው ሄዱ፣ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ እንዳይሰበሰቡ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በርና መስኮታችንን ዘግተን፣ በዚያ ሙቀት በላብ እየራስን፣ ከንፈራችንን ብቻ እያንቀሳቀስን እንዘምር ነበር። ደጃፉ ላይ የእግር ኮቴ ስንሰማ ሁላችንም ሰፌዱን ከብበን ምስር እንደምንለቅም ሰው እንቀመጥ ነበር፤ ያ ምስር ስንት ጊዜ እንደተለቀመ እግዚአብሔር ይወቅ። እናቴ ልብስ ስታጥብ እንኳ መዝሙር እንዳያመልጣት ጥርሷን ነክሳ ታጥብ ነበር። ሐይቁ ከእኛ ቤት ሩቅ አልነበረም፣ ነፋሱ ግን ወደዚያ ክፍል አይገባም ነበር።

በልጉ ገብቶ ዝናቡ መሬቱን ማራስ ሲጀምር አባቴ ወደ ቀበሌ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጓድ ተፈራ ጸሎት ቤቱ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሊሆን መወሰኑን ነገረው፤ መድረክ ይሠራበታል፣ ግድግዳው ከታች ቀይ ከላይ ነጭ ይቀባል፣ በፊት ለፊቱ የሶሻሊዝም መሪዎች ሥዕሎች ይሰቀላሉ።

«ያንን ቤት ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም፣ አንጁሎ። በነፃ የገነባኸው አንተ አይደለህም?» አለው።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንግዲያው አሁንም በነፃ ታድሰዋለህ። ለአብዮት በዓል ይድረስልን።»

አባቴ ቤት ገብቶ ይህን ሲነግረን እናቴ፣ «እምቢ ብትል ያስሩሃል፣ እሺ ብትል ውስጥህን ይበላሃል» አለችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ቆይቶ መጥቶ፣ «ሌላ ሰው ቢያስገቡ ግድግዳውን ያበላሸዋል። አንተ ግባና ጠብቅልን» አለው። አባቴ ገባ።

ክረምቱን በሙሉ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ጠዋት ከአባቴ ጋር እገባ ነበር፤ ከገባን በኋላ አብዮት ጠባቂው በሩ ላይ ጠመንጃውን ይዞ ይቀመጣል፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማንም አይወጣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የምንነጋገረው እንኳ አይሰማም ነበር። አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ የታዘዘው አናጢው ጋሽ ከድር አብሮን ነበር። የስልጤ ሰው ነው፣ ዝም ማለት አይችልም። «ጴንጤና እስላም አንድ ላይ ለሶሻሊዝም!» ይል ነበር መላጊያውን እየገፋ። «ይህን ያላየ ዓይን ምን አየ?» አባቴ እንኳ አንዳንዴ ፈገግ ይል ነበር።

የቀለሙን መስመር የለካን ዕለት ገና ከጠዋቱ ፈርቼ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጣቴን ቀድሜ አንሥቼ ውሃውን አፍስሼው፣ አባቴ ቱቦውን እንደገና ሞልቶ በውስጡ የገባውን አየር እየመታ ለማስወጣት ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። አልተቆጣኝም፤ ባይቆጣኝም ድካሙን አይቻለሁ። ስለዚህ ጫፉን አጥብቄ ይዤ ወደ መጨረሻው ማዕዘን ሄድኩ። ልክ በዚያ ሰዓት ጓድ ተፈራ ገብቶ አጠገቤ ቆመ። የቡትስ ጫማው ይሸታል። «መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለ አባቴን ሲያፋጥጠው፣ አባቴ ወደ እሱ ዞሮ ሲመልስ፣ «ጣት!» ማለቱን ረሳ። እኔ ቀና ብዬ ሰውየውን ማየት ፈርቼ ቱቦውን ብቻ እያየሁ ቆምኩ፤ አባቴ «ቆመ?» ሲለኝ «ቆሟል!» ብዬ ምልክቱን አደረግሁ። ቱቦውን ሳስቀምጥ ነው በአውራ ጣቴ ላይ የጫፉን ክብ ማኅተም ያየሁት። ጣቴ ነጭ ሆኖ ነበር። አባቴ ክሩን እየወጠረ ነው፣ ሊቀመንበሩ እያየው ነው፣ እኔም ምናልባት ትክክል ሆኖ ይሆናል ብዬ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁ።

ጳጉሜ ሲገባ ቀይ ቀለሙ ተቀባ፣ የሦስቱ ባለጢሞች ትልልቅ ሥዕሎችም በመስመሩ ላይ ተደርድረው ተሰቀሉ። መሰላሉ ላይ የነበረው ጋሽ ከድር ወርዶ ራቅ ብሎ ሲያይ፣ «አንጁሎ፣ ሦስተኛውን ጢማም ምን አስከፍቶት ነው አንገቱን የደፋው?» አለ። ተናግሮ ሳይጨርስ ደነገጠ። የኮርኒሱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀዩ መስመር ግን እኔ ወደቆምኩበት ማዕዘን ሲደርስ አራት ጣት ያህል ወርዷል። ጓድ ተፈራ ከኋላችን ቆሞ ነበር።

«በየሰዉ ቤት ቀጥ ያለ ሥራ ትሠራለህ፣ እዚህ ሲደርስ ይጠምምብሃል? በእነዚህ ሥዕሎች ላይ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህ አሻጥር ነው።»

በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባለው ቃል ከአንድ ሰው ስም ጋር ከተነሣች ያ ሰው እንደዋዛ አይመለስም ነበር፤ የጸሎት ቤቱ የተዘጋበት ጴንጤ ሲሆን ደግሞ ባሰ። አባቴ ወደ ማዕዘኑ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ፤ ያን ጊዜ እንደገባው አሁን አውቃለሁ። «ስህተቱ የእኔ ነው፣ ጓድ። አቀናዋለሁ» ብቻ አለ። ወስደው የድሮው የእህል መጋዘን ውስጥ ዘጉበት።

ሁለት ቀን ምግብ አመላለስን። በሁለተኛው ቀን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ስትፈራ በሲዳምኛ ነበር የምትናገረው፤ ያን ቀን ግን ቃል በቃል እየመረጠች በአማርኛ፣ «አንዱን ወስደውብኛል። ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። ብናገር እኔን ይይዛሉ ብላ ፈራች፤ ዝም ብል አባቴ ይሄዳል። ከሰፌዱ አጠገብ ተንበርክኬ ልጸልይ ሞከርኩ፣ ጸሎቴ ግን ከጣሪያው በታች የሚቀር መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምግቡን የተቀበለን አብዮት ጠባቂ፣ «ነገ አታምጡ፣ ወደ ከፍተኛ ይተላለፋል» አለን። ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

እናቴ ወደ ቤት ገብታ ፊቷን ስትሸፍን በርጩማ ላይ ወጥቼ ቱቦውን ከሚስማሩ አወረድኩ፣ አንገቴ ላይ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጋሽ ከድር አዳራሹ ደጃፍ ላይ እንጨት እየላገ ነበር።

«ጋሽ ከድር፣ ውሃ ልኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት፣ ጫፉን ደፍና የቀረችውን ጣቴንም አሳየሁት።

መላጊያውን አስቀመጠ። «ሌላ ማን ያውቃል?»

«እማማ።»

«ምን አለችሽ?»

«ዝም በይ አለችኝ።»

«እውነቷን ነው። ግን አባትሽስ?» አለና ባልዲውን አነሣ። «ነይ፣ ውሃ እንቅዳ።»

ጓድ ተፈራ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እያስደረደረ ነበር። ጋሽ ከድር ነገሩን ሲነግረው አባቴን አስጠራው። አባቴ ሦስት ቀን ያልታጠበ ፊቱን ይዞ ገብቶ፣ ቱቦውን አንገቴ ላይ ሲያይ፣ ምንም ሳይጠየቅ፣ «እሷ ያን ቀን አልነበረችም» አለ።

አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በቤታችን ስለ ምንም ነገር አይዋሽም ነበር።

«ነበርኩ፣ አባባ» አልኩ።

«አልነበረችም፣ ጓድ። ቤት ታማ ተኝታ ነበር።»

ጓድ ተፈራ ሳቀ። «እኔ ራሴ አጠገቧ ቆሜ እኮ ነበር! ጴንጤ አይዋሽም ትሉ የለም እንዴ?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «ጓድ» አለ ጋሽ ከድር ቶሎ ብሎ፣ «ሰዎቹን ይተዉአቸው፣ ውሃውን ይጠይቁት። ውሃ ሃይማኖትም የለው፣ ፖለቲካም አያውቅ።» ቱቦውን ሞልቶ አንዱን ጫፍ ለሊቀመንበሩ ሰጠው። «በአውራ ጣትዎ ይድፈኑት፣ አጥብቀው።» ሌላውን ጫፍ አባቴ ይዞ ወደ ማዕዘኑ ሄደ፣ ከፍ አደረገው፣ ዝቅ አደረገው። በሊቀመንበሩ እጅ ያለው ውሃ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየው፣ አባቴን አየው፣ እንደገና ጎንበስ አለ።

«አሁን ጣትዎን ያንሡ» አለ ጋሽ ከድር።

አባቴ ጫፉን ከራሱ በላይ ይዞት ነበር። ውሃው ቡልቅ ብሎ የሊቀመንበሩን የተተኮሰ ካኪ ሸሚዝ ከአንገቱ እስከ ቀበቶው አራሰው። ማንም አልሳቀም፤ አብዮት ጠባቂው ብቻ ዞሮ በሩን አየ። ጓድ ተፈራ ደረቱን እያራገፈ፣ «ይህን ለከፍተኛ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ሦስት ቀን አለህ፣ አንጁሎ። አቅናው። ሥዕሎቹን መጀመሪያ አውርዳቸው።»

ያኔውኑ ሥራ ጀመርን። ጋሽ ከድር ጫፉን ሊይዝለት እጁን ሲዘረጋ አባቴ፣ «የለም፣ የምትይዘው አስቴር ናት» አለው። ጫፉን ይዤ ወደዚያው ማዕዘን ሄድኩ። ከማዶ የአባቴ ድምፅ መጣ፣ እኔም መለስኩለት፤ ውሃው ወጣ፣ ወረደ፣ ረጋ።

በዚያው ዕለት ከእራት በፊት አባቴ በሹክሹክታ ሲጸልይ ሰማሁት። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ውሸቴ ማረኝ። ነገ ቢመጡባት ግን ደግሜ አልዋሽም ብዬ አልምልልህም» አለ። እናቴ «አሜን» አለች። በዓሉ አለፈ፣ ሰዎች በዚያ መስመር ሥር ተቀምጠው አጨበጨቡ፣ እኛም አብረን አጨበጨብን፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በተዘጋው ቤታችን ድምፅ በሌለው መዝሙራችን ብዙ ዓመት ቆየን።

አባቴ ጸሎት ቤቱ ተመልሶ፣ ቀዩ ቀለም በነጭ ተሸፍኖ፣ መስኮቶቹ ተከፍተው ሲዘመር ሰምቶ ነው ያረፈው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ዛሬ የመጨረሻው ልጄ በሐይቅ ዳር ሆቴሎች ውስጥ ጂፕሰምና ሴራሚክ ይሠራል። ባለፈው ዓመት በብርሃን መስመር የሚያሳይ የሌዘር ውሃ ልክ ሊገዛ መናኸሪያ ወዳለ ሱቅ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አቀረበለት፤ ቀይ ብርሃን ያለውና አረንጓዴ ብርሃን ያለው። ልጄ ሁለቱንም ግድግዳ ላይ አብርቶ፣ በሩን አስከፍቶ፣ የፀሐይ ብርሃን ሲገባ ቀዩ ሲደበዝዝ አረንጓዴው ሲታይ አይቶ አረንጓዴውን መረጠ። ቀጥሎ እየዞረ በአራቱም ግድግዳ መስመሩን በሜትር ለካ፤ ሱቅ ውስጥ ያልተፈተነ መሣሪያ አይገዛም። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ።

«ካዘመመስ?»

«ትንሽ ከሆነ ራሱን ያቀናል፣ ማዘር» አለኝ ባለሱቁ። «ከበዛ ደግሞ ይጮኻል፣ መስመሩንም ብልጭ ድርግም ያደርገዋል። አይደብቅም።»

አንዳንድ ቀን ልጄ በሚሠራበት ምሳ አደርስለታለሁ። መሣሪያውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አድርጎ ቁልፉን ይጫናል፣ መስመሩ ክፍሉን ይዞራል፣ እሱ ብቻውን እያፏጨ ይሠራል። ጫፍ የሚይዝለት ሰው አይፈልግም፣ በሩ ላይ የሚጠብቀው የለም፣ ሲዘምርም ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ይሰማል። አባቴ በአንድ መስመር የተነሣ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን እውነተኛነቱን ስለ እኔ ሰጥቷል፤ ልጄ ይህን አያውቅም፣ እስካሁን አልነገርኩትም። ምሳውን አስቀምጬ፣ መስመሩን ለጥቂት ጊዜ አይቼ፣ አመስግኜ እመለሳለሁ።