ያልተገለጡት ገጾች

አባቴ የመቃ ብዕር ይቀርጽበት የነበረውን ሰንጢ ስከፍት ዛሬም የሚሸተኝ ቀለም አይደለም፤ የዚያ ወፍራም ልብ ወለድ ወረቀት ነው።

አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። የአማርኛ አስተማሪያችን መጽሐፉን በብብቱ ይዞ እየገባ፣ “ይህን ያላነበበ አማርኛ አውቃለሁ አይበል” ይለን ነበር። አንድ ቀን ተነሥተሽ አንብቢ አለኝ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ንባብ የተማርሁት ዳዊት በመድገም ነው። ሳላውቀው በዳዊት ዜማ ቀጠልሁ፤ ስሳሳትም አባቴ እንዳስለመደኝ ወደ መጀመሪያው ተመለስሁ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

“እሜቴ ቄሷ! ጸበሉንስ አትረጪንም?” አለ አስተማሪው። “እንኪ ውሰጂው። ለትራስ ይሆንሻል።”

ወሰድሁት። ጣና ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጬ እታገለው ጀመር። ዓረፍተ ነገሩ ማለቂያ የለው፤ የዘር ቆጠራው አሰልችቶኝ ስንት ጊዜ ከደንሁት። እልህ ብቻ ነበር የያዘኝ። ከግማሽ አለፍ ስል ገጾቹ ጫፍ ለጫፍ እንደተያያዙ ናቸው፤ ማተሚያ ቤት ሳይቆርጣቸው የቀሩ። ማንም አልገለጣቸውም። አስተማሪውም።

ሰንጢውን ከቤት አምጥቼ አንድ በአንድ ከፈትኋቸው። የመጽሐፉ ውበት ለካ እዚያ ነበር። ታንኳዎቹ ሲገቡ፣ ውኃው ሲጠቁር እንኳ ቀና አላልሁም።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ፣ “መምህር፣ የመጽሐፉ ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ?” አልሁት።

“ተጋቡ እንጂ! ሌላ ምን ይሆናል?”

“ቀበሯት” አልሁና የከፈትኋቸውን ገጾች ፊቱ ዘረጋሁለት። ማንም አልሳቀም። መጽሐፉንም መልሽልኝ አላለኝም።

በስተርጅና ከአስተማሪው ጋር ግሽ አባይ ላይ ጎረቤታሞች ሆንን። ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ባለፈው ክረምት፣ ያን መጽሐፍ ታንብብልኝ ብሎ በልጁ ላከብኝ። ሄድሁ። በአፌ እርስዎ እለዋለሁ፤ በልቤ አንተ ካልሁት ግን ቆየሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳምንታት አነበብሁለት። ሰንጢዬ ከጀመረበት ገጽ ስደርስ ዘጋሁት።

“ከዚያስ?” አለ።

“ከዚህ በኋላ ተጣብቋል፣ መምህር።”

እጁን ዘርግቶ የገጾቹን ጫፍ ዳበሰ። ሰንጢው ያሻከረው ጫፍ ላይ ጣቱ ቆመ።

“እንግዲያስ እሜቴ ቄሷ፣ ተሳስተናልና ወደ መጀመሪያው እንመለስ።”

ደገምሁለት። እዚያው ቦታ ስደርስ እንደገና ዘጋሁት።

በጥቅምት ቀበርነው። መጨረሻውን አሁንም አነበዋለሁ፤ የማወጋው ሰው ግን የለኝም።