ሰላም ሳይል የማያልፈው ወንድሜ

ውሸታም አትበሉኝ። ጃንሆይ ይሙት እውነቴን ነው! ኮልፌ ላይ በሩጫ የቀደመኝ ሰው ቢኖር ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው፤ እሱም ያን ቀን ጫማዬ ጠቦኝ ነው። «ነገር ቶሎ የማይገባው ልጅ አንተን?» ትሉኛላችሁ። ነገር መግባትና እግር ምን አገናኛቸው? እኔ ራሴ ትምህርት አልገባ ብሎኝ ከሦስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ እግሬን ግን የጭነት መኪና አይቀድመውም።

ወንድሜ የሚማረው እንደሱ ያሉ ልጆች በሚማሩበት ግቢ ነው። አምና የስፖርት አስተማሪው ሰዓትና ፊሽካ ይዞ መጣ፤ አንድ ባንድ ሜዳውን እያዞረ ትንፋሻቸውን ሊለካ። ትንፋሹ የበቃ ከሯጮቹ ጋር ይሰለፋል፤ ያልበቃ ዛፍ ስር ሰፌድ ሲሰፋ ይውላል። ወንድሜን ደግሞ ቁጭ በል ማለት ቅጣት ነው። ተኝቶ እንኳ ይሮጣል፤ የሚረገጠው አጠገቡ የምተኛው እኔ ነኝ።

ሮጠ። አስተማሪው ፊት ሲደርስ ግን ቀጥ አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ እንደምን ዋሉ አለ። አስተማሪውም አስተዳደጉ አይለቀው፣ ባርኔጣውን አንስቶ መለሰለት። ቀጥሎ ዘበኛውን፣ ቀጥሎ በር ላይ ቆማ የምታየውን እናታችንን። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ሁሉንም እንዳዲስ። ሰዓቱ ሰላምታ አያውቅ፣ ይሄዳል። አስተማሪው ራሱን ነቀነቀና ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በየዙሩ ይቆማል አለ።

እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ ሳይ ነበርና ጠጋ ብዬ፣ ጋሼ፣ ትንፋሽ አጥሮት አይደለም፣ ትልቅ ሰው ሰላም ሳይል ማለፍ አይችልም አልኩት። እንግዲያው ሰላምታውን ይተው፣ አንተ ንገረው አለኝ። ይሄኔ እናቴ ከበሩ መጣች።

«ሰላምታውን እንዳትነኩብኝ» አለች። «እሱን ለማስተማር ስንት ዘመን ፈጅቶብኛል። ሰፈሩ ከሰው የቆጠረልኝ በሱ ነው።»

ዘዴው ከማን ጭንቅላት እንደወጣ ልንገራችሁ? ከኔ። ትልቅ ሰው የተባለ ሁሉ ክፍሉ ጀርባ ይደበቅ አልኩ። ተደበቁ። አስተማሪው ከግድግዳው ጥግ አንድ ዓይኑን ብቻ አወጣ። እኔ አብሬው ሮጥኩ፤ እኔን እንደሆነ ከሰው አይቆጥረኝም።

ምን ልበላችሁ፣ ያ ልጅ ሄደ። መጀመሪያ አዘንኩለትና ቀስ አልኩ። ኋላ ለራሴ አዘንኩ። ሣሩ ላይ ስዘረር እሱ እየሳቀ ይዞራል። ፊሽካው ሲነፋ ወደኔ መጣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?»

ከዚያ በፊት ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ከሯጮቹ ጋር ተሰለፈ። እናቴ በሩጫው ቀን ከተደበቀችበት ወጥታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች ይሁን አለቀሰች፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አላየሁም። አላመናችሁም? ሂዱ፣ ዘበኛውን ጠይቁ፤ እዚያ የነበረውን ሁሉ ጠይቁ። ወንድሜንም ጠይቁት፤ መጀመሪያ ግን ሰላምታውን በወጉ መልሱለት።