ርካሹ ፍሬን

ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው የሶፊ መንደር ሳስተምር በሳይክል ነበር የምመላለሰው። ፍሬኑና ሰንሰለቱ ርካሽ ስለሆኑ ባልደረቦቼ "አንድ ቀን ይገድልሃል" ይሉኛል። እኔም "ለውድድር አልሄድ! ለእኔ መንገድ ይበቃል" እላቸዋለሁ።

አንድ ጠዋት ከከተማው ግንብ በኤረር በር በኩል ስወጣ የማላውቃቸው ሽማግሌ "ልጄ፣ ሶፊ አድርሰኝ" አሉኝ፤ ከኋላ አፈናጠጥኳቸው። ቁልቁለቱን ስንያያዘው ጃኬቴን ጨምድደው "ያ አላህ!" ይላሉ።

"አይስጉ ሐጂ፣ ፍሬኑ አስተማማኝ ነው።"

"ከየት ገዛኸው?"

"ጊደር መጋላ ገበያ፣ አረንጓዴ በር ካላት የሳይክል ዕቃ ሱቅ።"

ይኼኔ "አቁም! አውርደኝ!" ብለው ጮኹ።

ፍሬኑን ስይዘው ሳይክሉ እዚያው ቀጥ አለ።

"አዩ፣ ያዘ አይደል?" አልኩ በኩራት።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ እየወረዱ። "ቀሪውን በእግሬ እሄዳለሁ። የሱቋ ባለቤት እኔ ነኝ።"