አያቴ ቆመው ያዩት መንገድ

አያቴ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር እጃቸውን አንስተው ሹፌሩን ሰላም ይሉ ነበር። ለአውቶቡስ ብቻ የተለየው መስመር የተከፈተ ሰሞን ከጉርድ ሾላ አብረን ተሳፈርን። ከጎናችን መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሟል፤ እኛ ግን እንደ ውሃ እየፈሰስን አለፍነው። አያቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከወንበራቸው ተነሱ።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«ተዪኝ ልጄ። ኢምፔሪያል ጋ መንገድ ተዘግቶብኝ አንዲት እናት አውቶቡሴ ውስጥ ወልዳለች። ይህንን ቁጭ ብዬ አላየውም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

እሳቸው ካረፉ ወዲህም በዚያው አውቶቡስ ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት እደርሳለሁ። በጊዜ ገብቼ የማጫውታቸው ግን የሉም።